በአዲስ ድስት የበሰለ ፖም



ቢስቲማ ላይ ፖም አላፈራልንም። ሞክረነዋል። ከዓመታት በፊት ከደጋ የመጣ አንድ ችግኝ ከጓሯችን አጥር ሥር ተክለን፣ ውኃ እያጠጣን፣ ከፍየል እየጠበቅን አሳደግነው። ቅጠሉ ያምር ነበር። አበባ ግን አንድም ቀን አላሳየንም። ከሁለታችን የሚሰብከው ይህን ዛፍ ለሁለት እሑድ ስብከት ተጠቀመበት፤ ቅጠል እንጂ ፍሬ የለውም እያለ ምእመናኑን ገሠጸበት። በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ሲያስረዳን ግን ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም። ፖም ብርድ ይፈልጋል። ለሳምንታት በዘለቀ ብርድ ውስጥ ተኝቶ ካላረፈ እንቡጡ በወጉ አይነቃም። ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ፤ እስራኤል አገር የተገኘችው አና የምትባለው አንዷ ናት። እሷም ብትሆን ብቻዋን ስትተከል በደንብ አታፈራም፤ አብራት የምታብብ ሌላ ዝርያ በአጠገቧ ትሻለች። የእኛው ዛፍ ብርድም ባልንጀራም አልነበረውም። ያለ በደሉ ሁለት እሑድ ተሰብኮበታል።

ስለዚህ ፖም ወደ ቤታችን የሚመጣው ከደሴ ነው፤ ደሴ የሄደ ሰው ሲመለስ ይዞልን ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ የሚገባው ቀይና የሚያብረቀርቅ፣ ትንሽ ወረቀት የተለጠፈበት፤ ሌላው የአገራችን ደጋ ያበቀለው ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ብቻ የቀላ፣ አንዳንዴም ወፍ የቀመሰው። እንግዳ ሲመጣ ሰው ቀዩን ይመርጣል። ድስት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ምስክርነታችን ለኮምጣጣው ለደጋው ነው።

ስሙም ብዙ ነው። እኛ ፖም እንላለን፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው። ልጆቻችን አፕል ይላሉ። ከሳውዲ የተመለሰችው የጎረቤታችን ልጅ ቱፋህ ትለዋለች። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ስንከፍት ደግሞ አራተኛ ስም እናገኛለን። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በምሳሌ 25፥11ም ሆነ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ይህን ፍሬ እንኮይ ብሎታል። እንኮይን በቆላና በወይና ደጋ ከብት የጠበቀ ልጅ ያውቀዋል፤ እሾሃም ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ ሲበስል ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቢጫ የሚሆን፣ በመካከሉ አንድ ፍሬ ያለው ኮምጣጣ ነው። ከፖም ጋር ዝምድና የለውም። ተርጓሚዎቹ ግን አንባቢው አይቶት በማያውቀው ፍሬ ፈንታ እጁ የሚደርስበትን ሰጡት። የዕብራይስጡ ቃል ታፑዋሕ ነው፤ የዐረብኛው ቱፋሕ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዕብራይስጥ ተምረናል ከምንለው ይልቅ ጅዳ ሰው ቤት ስታበስል የኖረችው ልጅ ለመጽሐፉ ቃል ቀርባ ተገኘች። (አንዳንድ ሊቃውንት ያ ፍሬ ዛሬ ፖም የምንለው መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ለድስታችን ግን ይህ ክርክር አይጠቅመውም።)

ከሁለታችን የሚሰብከው ፖምን መጀመሪያ የቀመሰው አዲስ አበባ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ነው። አብሮት የሚያድር አንድ የጋሞ ወንድም ከእረፍት ሲመለስ በሸማ ጠቅልሎ ከጨንቻ አመጣ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ተራሮች ላይ ያለች፣ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። እኛ ያን አካባቢ የምናውቀው በሸማኔዎቹ ነበር። ፖምን ወደዚያ ያደረሱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጡ ሚሲዮናውያን ናቸው። ኋላም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ችግኙን እያባዛ ለገበሬው ሲያዳርስ የጨንቻ አፕል የሚል ስም ወጣ። ዛሬ በአማራ ክልል ደጋዎችም የሚተክሉት አሉ። ያ ወንድም አንድ ነገር ነግሮን ነበር፤ ጣፋጭ ፖም በልታችሁ ፍሬውን ብትዘሩት የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ከተመረጠው ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ሥር ላይ ይጣበቃል፣ ይታሰራል፣ ቁስሉ ሲሽር አንድ ዛፍ ይሆናል። ሮሜ 11ን ላነበበ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንምጣ። ለመጻፍ የከበደን ይኸኛው ነው።

እናታችን የሰባኪው ወላጅ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለታችንም እማማ ነው የምንላቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው። ደሴ ተወልደው ደሴ ያረጁ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይሽሩ ሴት ናቸው። እኛ ወንጌልን ስንቀበል አለቀሱ፤ ደጃቸውን ግን አልዘጉብንም። በ2004 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሊጠይቁን ቢስቲማ መጡ። ያን ጊዜ ሕግና ጸጋ፣ ባርነትና ነጻነት የሚሉ ቃላት ከአፋችን አይጠፉም ነበር። ሽሮው ሲቀርብ እማማ ጠየቁ፤

«ቅቤ አለበት?»

«ዘይት ነው፣ እማማ» አልናቸው።

ቅቤ ነበረበት። ዕቅዳችን ከበሉ በኋላ ልንነግራቸው ነበር፤ ይኸው በሉት፣ ምን ሆኑ፣ እግዚአብሔር ተቆጣ ወይ ልንላቸው ነበር። ይህን ነጻ ማውጣት ብለን ጠርተነው ነበር። ሁለት ጉርሻ እንደ ወሰዱ የስድስት ዓመት ልጃችን «አያቴ፣ እማዬ ቅቤ ስትጨምር አይቻለሁ» አለ። ውሸት ኃጢአት ነው ብለን ያስተማርነው ልጅ ነው። እማማ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ዳር አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ነጠላቸውን ጠየቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ሙሉ እየመጡ ይጠይቁን ነበር። ትንሹ ልጃችን ሲወለድ አርሰውናል፤ ስንታመም አስታመውናል። ከእጃችን ግን አልበሉም። በሶአቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ፤ ቡና እንኳ የሚጠጡት ከቤታቸው ባመጡት ሲኒ ነው። ሰው ሲጠይቀን «ልማዱ አለቅ ብሏቸው ነው» እንል ነበር። የሽሮውን ነገር አናነሣም።

በ2016 ጥር ላይ ጉልበታቸው ዛለ፣ ዓይናቸውም ደከመ፤ ከእኛ ጋር ሊኖሩ መጡ። የመጡት ከነጀበናቸውና ከነበሶአቸው ነው። ያ ዓመት ደግሞ ልዩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን፣ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። የወረባቦ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ጎረቤቶቻችን ጿሚ፣ እማማ ጿሚ፤ በአካባቢያችን በቀን ምሳ የሚበላው የእኛ ቤት ብቻ መሰለ። ሽንኩርት ስናቁላላ ሽታው የት ድረስ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልነው።

እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። ዕድሜያቸው ወደ 80 እየተጠጋ ነው። የንስሐ አባታቸው በስልክ «አርጅተዋል፣ ሕመምም አለብዎት፣ እግዚአብሔር ያውቅልዎታል» ቢሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብለው ስልኩን ሰጡንና ጾማቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን በሶውም አልወርድ አላቸው። ጥርስ የለም፣ አፋቸው ይደርቃል፣ በውኃ የተበጠበጠውንም ሁለት ጊዜ ተጎንጭተው ይተዉታል። ፈራን። ቤቱ ምግብ እያለው እናታችን ዓይናችን እያየ ይከሳሉ፤ እኛ ደግሞ ይህን ቅመሱ ለማለት አፍ የለንም።

አንድ ቀን ከሁለታችን የምትጋግረው ከደጋው ፖም አንዱን አነሣች። ቢላዋ በፊታቸው በሳሙናና በፈላ ውኃ አጠበች። ሁለቱን በሳህን አድርጋ ከአጠገባቸው አስቀመጠችና ምንም ሳትል ወጣች። እማማ ፖሙን አገላብጠው አዩት። ልጣጭ ያለው ነገር ነው። ቅቤ ሊደበቅበት አይችልም። ራሳቸው ላጡት፤ መንከስ ስላልቻሉ በቢላዋው እየፋቁ እየፋቁ ጨረሱት።

ትንሹ ልጃችን አጠገባቸው ተቀምጦ «አያቴ፣ ሔዋን የበላችው እኮ ይኼን ነው» አላቸው።

«ዕፀ በለስ ነው እንጂ! ማነው ይኼን ያስተማረህ?»

ከሁለታችን ኮሌጅ የገባው ጉሮሮውን ጠረገ። ዘፍጥረት የፍሬውን ስም እንደማይጠራ፣ በላቲን ማሉም የሚለው ቃል ክፉንም ፖምንም ስለሚያመለክት በምዕራባውያን ሥዕሎች የሔዋን እጅ ፖም እንደ ያዘ ሊያስረዳ ነበር። ሌላኛዋ እግሩን ረገጠችው። ለእናንተ ግን ይኸው ነገርናችሁ።

በማግስቱ አዲስ ድስት ተገዛ። «እማማ፣ ይህ ድስት ቅቤ አያውቅም፣ ሥጋ አያውቅም። እርስዎ ያስቀምጡት» ተባሉ። ተቀበሉት። ድስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋቸው ሥር ነው የሚያድረው፤ ሲፈለግ ከእሳቸው ይጠየቃል፣ ሲታጠብ እሳቸው ያዩታል። ምድጃውም አጠገብ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። እኛ በፊታቸው አበሰልን።

አሠራሩ ይህ ነው፤ ለታመመ፣ ለሕፃንና ጥርስ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቁርስ አናውቅም። ስድስት ያህል ትንንሽ ኮምጣጣ ፖም ታጥቦ ይላጣል፤ መካከሉ ከነፍሬው ይወጣል፤ እያንዳንዱ ስምንት ቦታ ይቆረጣል። እየላጣችሁ ሳለ የመጀመሪያው እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ አየር ሲነካው ነው የሚጠቁረው። ከዚያ ወደ ድስት፣ ከአንድ የቡና ሲኒ ውኃ፣ ከአንድ ስንጥር ቀረፋና ከሁለት ቅርንፉድ ጋር። ቅርንፉዱ ከሁለት አይብለጥ፤ ሲበዛ የጥርስ መድኃኒት ይመስላል። ከሰሉ የላላ ይሁን፣ ድስቱ ይከደን፣ ማማሰል አያስፈልግም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ፖሙ ራሱ ውኃ አውጥቶ ይለሰልሳል፤ በማንኪያ ጫን ስትሉት ይፈርሳል። ስኳር የሚጨመረው ከተቀመሰ በኋላ ነው፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ልጣጩን አትጣሉት። በሻይ ማንቆርቆሪያ ከቀረፋ ጋር ሲፈላ ያለ ሻይ ቅጠልም ሻይ ይሆናል። ልጣጩና መካከሉ የሚያረጋ ነገር ስላለበት ማርማላታ ለመሥራት የምትፈልጉም በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ አብራችሁ ብትቀቅሉት ያወፍርላችኋል።

እማማ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲቀምሱ ሁላችንም ሌላ ሥራ ያለን መሰልን። አንዱ ከሰል ያራግባል፣ አንዷ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ቀመሱ። ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አልተስማማቸውም ብለን አዘንን። ሲመለሱ በእጃቸው የበሶ ቋጠሯቸውን ይዘዋል። ሁለት ጭብጥ በሶ ከሳህኑ ጨመሩ፣ ትንሽ ጨው ጣል አደረጉ፣ በጣታቸው አሹት። በውኃ ፈንታ በፖሙ ጭማቂ ራሰ። ሙሉውን በሉ። የእሳቸው በሶ ነው፣ የእኛ ፖም ነው። ከ12 ዓመት በኋላ በአንድ ሳህን ተገናኘን። ይህን ምግብ እስከ ዛሬ በቤታችን እንሠራዋለን፤ ገብስ ፖምን ይወዳል፤ ከአጃ ገንፎም ጋር ይስማማል፣ ከበሶ ጋር ግን ሌላ ነው።

ድስቱ ንጹሕ መሆኑ ወሬው ከአጥር አለፈ። የጎረቤታችን አሮጊት እናትም ጿሚ ናቸው፤ ሥጋ ነክቶታል ከሚባል የክርስቲያን ቤት ዕቃ አይበሉም። እማማ ግን ራሳቸው ሳህኑን ይዘው በአጥሩ ላይ «እታለም፣ ይኼን ለማፍጠሪያሽ ያዢ። ድስቱ የኔ ነው፣ ማንም አልነካው» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ድስት ፖም በቀን ሦስት ጊዜ ቁርስ ሆነ። ልጆቻችን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት፤ እማማ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፤ ጎረቤታችን መግሪብ ሲባል ከቴምሩ በኋላ። በወሎ ለዘመናት አብረን ኖረናል፤ በሠርግም በኀዘንም ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን ማዕዱ ሁለት ይሆናል። ፖም የማንንም ባራኪ አይጠይቅም። ይህን ማሰብ የነበረብን እኛ ነበርን፤ ያሰቡት ሁለቱ አሮጊቶች ናቸው።

ኬኩን ያመጣችው ደግሞ ከሳውዲ የተመለሰችው የእኒያ ጎረቤት የልጅ ልጅ ናት። የአሠሪዎቿ ልጅ እንቁላል አይስማማውም ነበርና ያለ እንቁላል መጋገር ተምራለች። «ቱፋሁ ነው እንቁላሉን የሚተካው» አለችን። ለአንድ እንቁላል ሩብ ኩባያ ያህል የተፈጨ የበሰለ ፖም ይበቃል፤ ሊጡን ያያይዘዋል፣ እንዳይደርቅም ያደርገዋል። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ተነፍቶ ይቀላቀላል። በሌላ ሳህን አንድ ኩባያ የተፈጨ ፖም፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ ያነሰ ዘይትና ግማሽ ኩባያ ስኳር ይመታል። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ አይታሽም፤ ከጠጠረ ትንሽ ሻይ ጠብ ይደረግበታል። መጋገሪያ የለንም፣ መብራትም አይታመንም፤ ስለዚህ በትልቅ ድስት ታች አሸዋ አድርገን፣ መጋገሪያውን ጎድጓዳ ሳህን በላዩ አስቀምጠን፣ ክዳኑ ላይ ፍም እንጭናለን። እናቶቻችን ዳቦን ከላይና ከታች ፍም አድርገው እንደሚጋግሩት ማለት ነው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ የንጹሕ እንጨት ስንጥር ተወግቶ ደርቆ ሲወጣ በስሏል። ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ እንቁላል የለበትም።

ያቺ ልጅ ፖም ስትልጥ ልጣጩ ሳይቆረጥ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ልጆቻችን ሲያደንቁላት «ሦስት ዓመት ስልጥ ኖሬ የበላሁት ልጣጩን ነው» አለች። እየሳቀች ነበር ያለችው። የመጀመሪያው ኬክ ሲቆረጥ እማማ የመካከሉን ትልቁን ቁራጭ አንሥተው ለእሷ ሰጧት። ጾሟን ነበረችና በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ ማታ ሲፈጠር ብቻዋን እንደ በላችው በማግስቱ ነገረችን፤ ለማንም አላካፈለችም።

በእነዚያ ሳምንታት በቤት ኅብረታችን በተራ የሚጠናው ሮሜ 14 ደረሰ። ከሁለታችን የሚሰብከው በኮሌጅ ሳለ በዚህ ምዕራፍ ላይ ጽፎ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል። የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ ክርስቶስ የሞተለትን ሰው በምግብ ምክንያት እንዳናጠፋ ጳውሎስ ሲለምን፣ የግሪኩን ቃል እስከ ሥሩ ተንትኖ ነበር። ማታ ለዝግጅት ሲቀመጥ ግን አንድ ገጽ መጻፍ አቃተው። በምዕራፉ ውስጥ ደካማ የተባለው ማነው? እንደ ቀድሞው ትምህርታችን ከሆነ እማማ ናቸው። እማማ በዚህ ዕድሜያቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዳቸው ቆመው ይጸልያሉ። እኛ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቁርስ ካልበላን ለጸሎት የምንደክም ነን።

ትምህርቱን ሳንሰጥ ወደ ክፍላቸው ገባን፤ ሁለታችንም። ከአልጋቸው ሥር ድስቱ ይታያል። ተንበረከክን። «እማማ፣ በ2004 በጾሙ ቅቤ ያለበት ሽሮ ሰጥተን ዘይት ነው ብለንዎታል። አስበንበት ያደረግነው ነው። ይቅር ይበሉን» አልን። ከዚያ በፊት አንድም ቀን በቃል ተናግረነው አናውቅም ነበር።

እማማ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ቅቤው አይደለም ልጆቼ» አሉ። «ቅቤውንማ ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ ቀኖና ሰጥተውኝ ሰግጄበታለሁ። ጠይቄያችሁ ነበር እኮ።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እጃቸውን በራሳችን ላይ አድርገው በአባቶቻቸው ጸሎት ጸለዩልን። እኛም አሜን አልን። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁለታችን የሚሰብከው ምዕራፉን አነበበና ማብራሪያ ሳይሰጥ ይህንኑ ታሪክ ለወገኖች ተናገረ። አንዳንዱ አለቀሰ። አንድ ወንድም ግን መጋቢ እንዲህ ያለውን በአደባባይ መናገር የለበትም ብሎ መክሮናል፤ ምናልባት ይህንንም ሲያነብ ያዝንብን ይሆናል።

ሚያዝያ 27 ቀን ፋሲካ ሆነ። ሌሊቱን እማማን ወደ ሐይቅ ወስደን፣ እሳቸው ሲያስቀድሱ እኛ ከቅጽሩ ውጭ ቆመን ጠበቅናቸው። ጎሕ ሲቀድ ቤት ደረስን። የምትጋግረዋ ቀድማን ጨጨብሳ ጀምራለች፤ ቂጣው ተቆራርጧል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት የደጋ ፖሞች በስሱ ተቆርጠው ምጣዱ ላይ ጠርዛቸው እስኪቀላ ተጠብሰዋል፣ ማሩም ቀርቧል። ሽታው እስከ በሩ ይመጣል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከትሪው ፊት ተቀመጡ። ሳህኑ ሲቀርብላቸው ቀና ብለው አዩን።

«ቅቤ አለበት?» አሉ።

«አለበት፣ እማማ። ሁለት ማንኪያ አለበት።»

«ካለበትማ ወዲህ በይው።»